ጥቅሉን ማን ጨረሰው? የአንድ ላፕቶፕ የሌሊት ግንኙነት

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ጀሞ ወደሚገኘው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ አንድ ጡረተኛ መምህር መጡ። ላፕቶፕ አልያዙም። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ርእሱ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ የሚመስል ሰንጠረዥ ነበር። በአንደኛው ዓምድ ባለ 15 ጊጋባይት የኢንተርኔት ጥቅል የገዙበት ቀን፣ በሁለተኛው ያለቀበት፣ በሦስተኛው ልዩነቱ ሰፍሯል። መስከረም፣ 28 ቀን። ጥቅምት፣ 11 ቀን። ኅዳር፣ 9 ቀን። ታኅሣሥ፣ 3 ቀን ይልና ከጎኑ ቃለ አጋኖ ተጽፏል። የመጨረሻው መስመር ጥር ነው፦ አንድ ቀን ተኩል።

«ልጄ፣ ሌባ አለብኝ» አሉኝ። «ማንነቱን ግን አላወቅሁም።»

ወደ ሱቄ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አጥፋልኝ» ይለኛል። አፕዴቱን አጥፋልኝ፣ ማስታወቂያውን አጥፋልኝ፣ ካልሆነም ሁሉንም አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫንልኝ። «ማን ነው?» ብሎ የሚጀምር ደንበኛ ብርቅ ነው። ጋሼ በዕድሜያቸውም በሙያቸውም ከኮምፒውተር ይርቃሉ፤ ጥያቄያቸው ግን ከብዙ ባለሙያ ጥያቄ ይሻላል። የተሳሳቱት በተጠርጣሪዎቹ ላይ ነው።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው የስልክ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ነው። ሁለት ጊዜ ሄደው አመልክተው ሁለቱንም ጊዜ «ተጠቅመውበታል» የሚል መልስ አግኝተዋል። ሁለተኛው ቫይረስ ነው፤ ይህን ያላቸው ሌላ ባለሙያ ሲሆን ላፕቶፑ ፎርማት ይደረግ ብሎ ዋጋ ጠርቶላቸዋል። ሦስተኛው፣ ባለቤታቸው እትዬ እንደ ጸሎት የሚደግሙት፣ ፊት ለፊት ያለው ቤት የሚኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ልጁ ክረምት ላይ ለትምህርት የሚሆን ነገር ላውርድ ብሎ የሆትስፖቱ፣ ማለትም የጋሼ ስልክ ኢንተርኔትን በዋይፋይ ለሌላ መሣሪያ የሚያካፍልበት፣ የይለፍ ቃል ተሰጥቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ በመተላለፊያው ሲያልፍ ሰላምታ መቀበል የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። በድሮ ዘመን ሌባ ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ከአንዱ ደጃፍ ሲወድቅ የዚያ ቤት ሰው ሌባ ይባላል። ባህሉ ቀረ እንጂ አስተሳሰቡ አልቀረም፤ ዛሬም መጀመሪያ የምንወድቀው ጎረቤት ደጃፍ ላይ ነው።

በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። አራተኛ ፎቅ ነው። የቤቱን አሠራር ካላወቅን የሚከተለው ግልጽ ስለማይሆን ባጭሩ ላስረዳ። ላፕቶፑን ያመጣችላቸው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ልጃቸው ናት። የሚሠራው በዊንዶውስ 11 ነው፤ ማከማቻው 128 ጊጋባይት ብቻ ነው። ቤቱ የመደበኛ ስልክ መስመር ስለሌለው ኢንተርኔት የሚመጣው ከጋሼ የእጅ ስልክ ነው። ጋሼ ጠዋት ጠዋት የሕይወት ታሪካቸውን ይጽፋሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ፣ እሑድ እሑድ ከልጅ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ይነጋገራሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ በወር 15 ጊጋባይት ያህል ይበቃዋል፤ የመስከረሙ ጥቅል 28 ቀን መቆየቱ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ላፕቶፑን ልክፈትልህ ሲሉኝ ስልኩን ጠየቅኋቸው። በአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ የዳታ ፍጆታ በመተግበሪያ ተከፋፍሎ የሚታይበት ገጽ አለ፤ ስልኩ ለሌላ መሣሪያ ያካፈለው ደግሞ «ሆትስፖት እና ቴተሪንግ» በሚል ለብቻው ይቀመጣል። በእሳቸው ስልክ ላይ ከዘጠኝ እጅ ስምንቱ በዚህ መስመር ላይ ነበር። ይህ አንዱን ተጠርጣሪ ወዲያው ነጻ አወጣው። ድርጅቱ ሳይበላ በላ አላለም፤ ዳታው በእርግጥ በስልካቸው በኩል አልፎ ወጥቷል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው?» አሉ። እትዬ ግን ከኩሽና ሆነው «ታዲያ ያ ልጅ አይደል የሚካፈለው!» አሉ።

እውነት ለመናገር በዚያን ሰዓት ልጁ ሊሆን እንደማይችል የሚያሳይ አንድ ነገር ከፊታችን ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ጋሼ ዋይፋዩን እርግፍ አድርገው ትተው ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ማገናኘት ጀምረዋል። «ከአየር ላይ ይሰረቃል፤ ከሽቦ ማን ይሰርቃል?» ብለው ነው። ገመዱ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ስልኩ እግረ መንገዱን ይሞላል። ሆትስፖቱ ከተዘጋ ልጁ በየት በኩል ይገባል? ግን ሰንጠረዡን ተመልከቱ። ፍጆታው የባሰው ከገመዱ በኋላ ነው። 9 ቀን ይቆይ የነበረው 3 ቀን ሆነ፣ ከዚያም አንድ ቀን ተኩል። ለሌባ የተገዛው ቁልፍ በሩን ጭራሽ ከፍቶታል። ይህን ለእትዬ ሳስረዳ «እነሱ ዘንድ መላ አይጠፋም» ብለው አለፉኝ፤ ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ወደ ልኬት ሄድሁ።

ጋሼ አነስተኛ ጥቅል ገዙና ሁለት ሌሊት ፈተንን። በመጀመሪያው ሌሊት ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ የስልኩ ሆትስፖት በድሮው የይለፍ ቃል ክፍት ሆኖ አደረ። ልጁ ሌባ ከሆነ ማዕዱ ቀርቦለታል ማለት ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የስልኩን ቆጣሪ ጋሼ በወረቀታቸው መዘገቡ፤ ጠዋት ሲታይ የወጣው 11 ሜጋባይት ነው፤ ያም የስልኩ የራሱ መልእክቶች ነው። በሁለተኛው ሌሊት ሆትስፖቱ ተዘግቶ ላፕቶፑ እንደ ወትሮው በገመድ ተገናኝቶ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ አደረ። ጠዋት 2.3 ጊጋባይት ጠፍቷል። ለፈተና የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የጎረቤት ልጅ ስም አልተነሳም።

«ክዳኑ ክፍት» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሼ ሲጽፉ ብዙ ያስባሉ፤ ሲያስቡ ላፕቶፑ ተኝቶ ስለሚያናድዳቸው ከኤሌክትሪክ ጋር ሲያያዝ ፈጽሞ እንዳይተኛ አስደርገውት ነበር። ስክሪኑ ብቻ ይጨልማል። እሳቸው የጨለመ ስክሪን ሲያዩ «ተኝቷል» ይላሉ፤ ማሽኑ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

አሁን ጥያቄው ከቤት ወደ ማሽን ገባ፤ ላፕቶፑ ውስጥ ማን ነው? ዊንዶውስ ይህን የሚመልስበት መዝገብ አለው። በኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ የዳታ ፍጆታ የሚለው ገጽ ያለፉትን 30 ቀናት በፕሮግራም ከፋፍሎ፣ ለዋይፋይና ለኢተርኔት፣ ማለትም በገመድ ለሚመጣው ግንኙነት፣ ለየብቻ ያሳያል። በኢተርኔት በኩል 27.1 ጊጋባይት ተመዝግቦ ነበር። ስልኩ ለተመሳሳይ ጊዜ አካፈልሁ የሚለው 27.8 ነው። የሁለት መሣሪያዎች ቆጠራ በዚህ ያህል መቀራረቡ በእኔ ሚዛን ፍርድ ነው። ከ27.1ዱ ውስጥ 17.9 የስርዓቱ የራሱ አገልግሎቶች፣ 5.2 ዋንድራይቭ የተባለው የፋይል ማስቀመጫ፣ 2.6 ጋሼ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ብራውዘር፣ የቀረው ልዩ ልዩ ነው። ባለቤቱ የተጠቀሙበት ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም።

ግን ይህ መልስ የሚጎድለው ነገር አለ። የስርዓት ማሻሻያም (አፕዴት የምንለው) ሆነ ዋንድራይቭ መስከረም ላይም ነበሩ። መስከረም ላይ ለምን አልበሉም? አንድ ነገር ጥቅምት ላይ ተቀይሯል፣ ሌላ ነገር ደግሞ ታኅሣሥ ላይ። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ያገኘሁትም በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። የኢተርኔቱን ገጽ ስከፍት የተገናኘንበት ኔትወርክ ስም «ኔትወርክ 31» ይላል። ገመዱን ነቅዬ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁና መልሼ ሰካሁ። «ኔትወርክ 32»። እንደገና። «ኔትወርክ 33»።

ምን ማለት ነው? ስልክ በዩኤስቢ ኢንተርኔት ሲያካፍል ላፕቶፑ የሚያየው ስልክ አይደለም፤ የኔትወርክ ካርድ ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር አለው። የጋሼ ስልክ፣ እንደ ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች፣ ይህን ቁጥር ለዩኤስቢው በየጊዜው አዲስ አድርጎ ይፈጥረዋል። ላፕቶፑም በየጊዜው አዲስ ቤት የገባ ይመስለዋል፤ ስለ ቀድሞው ቤት የተነገረውን ሁሉ ይረሳል። ከዚህም የሚከፋው፣ ከኢተርኔት ገመድ የመጣ ኢንተርኔትን ዊንዶውስ ከመጀመሪያው ያልተገደበ መስመር አድርጎ ነው የሚወስደው። ገመዱ የሚያመራው ወደ ግድግዳ ሳይሆን ወደ አንዲት ባለ ጥቅል ስልክ መሆኑን የሚነግረው የለም።

ዊንዶውስ መስመሮችን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው የፈለጉትን ያህል ቢቀዱበት ዋጋው የማይለወጥ ነው። ሁለተኛው «ሚተርድ» የሚባለው ነው፤ እኛ ባለቆጣሪ ልንለው እንችላለን፣ እንደ መብራትና እንደ ውሃ። መስመሩ ባለቆጣሪ ነው ተብሎ ሲነገረው ስርዓቱ ጠባዩን ይለውጣል። ከጥቂት አስፈላጊ ነገሮች በቀር ማሻሻያዎችን በራሱ አያወርድም፣ ዋንድራይቭ ፋይል መላክ ያቆማል፣ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር ማሻሻያ መቀባበሉም ይቋረጣል። ይህ ሁሉ በአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማብሪያዋ ግን የላፕቶፑ አይደለችም፤ የእያንዳንዱ ኔትወርክ ናት።

ዋይፋይ ላይ ደግሞ ኔትወርክ የሚለየው በስሙ ነው። ላፕቶፑ የሚያውቃቸው ኔትወርኮች ዝርዝር ውስጥ ገብቼ ሁለት ስም አገኘሁ። አንደኛው የጋሼ አሮጌ ስልክ ሆትስፖት፤ ባለቆጣሪ የሚለው በርቷል። ሁለተኛው የአዲሱ ስልክ ሆትስፖት፤ ጠፍቷል።

«አሮጌውን ስልክ መቼ ቀየሩ?» ብዬ ስጠይቃቸው ወረቀታቸውን አላዩም። «ልጄ በሰው ላከችልኝ፤ ጥቅምት 5 ቀን ነው።»

ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ልጃቸው ላፕቶፑን ስታዘጋጅላቸው የአባቷን ስልክ ባለቆጣሪ ብላ መዝግባ ሄዳለች፤ አስተዋይ ናት። ስልኩ ሲቀየር አዲሱ ከፋብሪካ በወጣበት ስም ሆትስፖት ከፈተ፤ ላፕቶፑ ስሙን አላወቀውም፤ የማያውቀውን ሁሉ ያልተገደበ አድርጎ ተቀበለው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጉዳቱ መካከለኛ የሆነው ጋሼ ሥራ ሲጨርሱ ሆትስፖቱን የመዝጋት ልማድ ስለነበራቸው ብቻ ነው። ገመዱ ይህን ልማድ አጠፋው። ስልኩ እንዲሞላ እየተባለ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ያድራል፤ ላፕቶፑ አይተኛም፤ መስመሩም ክፍት ነው።

ለምን ሌሊት? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የገረመኝ ይህ ነውና። የማሻሻያ አገልግሎቶች የተሠሩት በጨዋነት ነው። ከበስተጀርባ ፋይል የሚያጓጉዘው የዊንዶውስ አገልግሎት ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው፤ መርሁም ሰው ኢንተርኔቱን ሲጠቀም ራሱን ማቀብ፣ መስመሩ ሲለቀቅ መሥራት ነው። የዕለት ጥገናውም ካልተቀየረ በስተቀር የተቀጠረው ለሌሊት ነው። ወርኃዊ ክፍያው ቁርጥ በሆነበት አገር ይህ እንከን የሌለው ጠባይ ነው፤ ሰውን አያስቸግርም። ጊጋባይት ተመዝኖ በሚገዛበት ቤት ግን ያው ጨዋነት ባለቤቱ ሲተኛ ጓዳ የሚገባ እንግዳ ያደርገዋል። ጋሼ ሲጽፉ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ምንም አይታይም፤ ቡና ሲጠሩ ይጀምራል። በስልክ መስመር እየደወልን ኢንተርኔት በምንገባበት ዘመን ኮምፒውተር ያለ ትእዛዝ ሊገናኝ ሲል ሞደሙ ራሱ ጮኾ ያጋልጠው ነበር። ያ አስቀያሚ ድምፅ ዘበኛ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

የሰዓት ነገር ከተነሳ አንዲት ጨዋታ አለች። ዊንዶውስ ስህተቶችን በቀንና በሰዓት የሚመዘግብበት ገጽ ላይ የማሻሻያ ውድቀት «2፡40» ተብሎ ሰፍሯል። ጋሼ አይተው «ሐሰት ነው! በሁለት ሰዓት ከአርባ እኮ ዜና እያየን ነበር፤ ላፕቶፑን ማንም አልነካውም» አሉ። የላፕቶፑ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 2፡40 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው። ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁና «እንግዲያማ ተኝቼ ነበር፤ ምስክርነቴ ውድቅ ነው» አሉ።

የማሻሻያው ውድቀት ራሱ የታሪኩ ሌላ ክር ነው። በመስከረም 2017 መውጣት የጀመረው 24ኤች2 የተባለው ትልቁ የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ በጋሼ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቴም ወድቋል። ይህ እንደ ወትሮው ወርኃዊ ማሻሻያ አይደለም፤ ሙሉ ስርዓቱን የሚተካ፣ በብዙ ጊጋባይት የሚለካ ነው። የወደቀው ማከማቻው ስለሞላ ነው። ያወርዳል፣ ሊጭን ሲል ቦታ ያጣል፣ ይሰርዛል፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ማከማቻውን የሞላው ምንድን ነው? የልጅ ልጃቸው ክርስትና ቪዲዮ። ልጃቸው በፍላሽ ልካው ጋሼ ሁሉንም ዴስክቶፑ ላይ ገልብጠውታል፤ በዓይናቸው እንዲያዩት። ዴስክቶፑ ደግሞ ከዋንድራይቭ ጋር የተያያዘ ስለነበር ቪዲዮው ወደ ላይ መላክ ጀመረ፤ በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት እስኪሞላ ድረስ። «ማስቀመጫዎ ሞልቷል» የሚል መልእክት ሲመጣባቸው ጋሼ በጨዋ ደንብ ዘግተውታል።

የአያት ፍቅር በሁለት አቅጣጫ 20 ጊጋባይት ያህል አስወጥቷል።

ሌሎች ተጠርጣሪዎችንም ሳልመረምር አላለፍሁም። በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ ስሙ የሚነሳው የማሻሻያ ማጋራቱ አገልግሎት ነው፤ ያወረዱትን ማሻሻያ ክፍልፋይ ኢንተርኔት ላይ ላሉ የማያውቋቸው ሰዎች ይልካል። በጋሼ ላፕቶፕ ላይ በርግጥ በርቶ ነበር፤ ወርኃዊ መዝገቡ ሲታይ ግን የላከው ከ60 ሜጋባይት በታች ነው። አጠፋሁት፤ ተከሳሹ ግን እሱ አልነበረም። ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለው የዊንዶውስ መመልከቻ ላይ በዚያች ቅጽበት የትኛው ፕሮግራም ከየት ጋር እንደሚነጋገር ስከታተል አንድ እንግዳ ስም አየሁ፤ ስጠረጥረው የቆየ የቪዲዮ መቀየሪያ ሆኖ ተገኘ። በየሰዓቱ ጥቂት ኪሎባይት ይልካል። አስወገድሁት። የቫይረስ ፍተሻው ምንም አላገኘም። ፎርማት ቢደረግስ ኖሮ? በተመሳሳይ ስልክ፣ በተመሳሳይ ገመድ፣ ማሻሻያዎቹን ሁሉ ከመጀመሪያው ሊያወርድ ይነሳ ነበር፤ ያንን ወር በሰንጠረዡ ላይ ማየት አልፈልግም።

ቀላሉ መውጫ የማሻሻያ አገልግሎቱን መግደል ነው። በየሱቁ የሚደረገውም ይኸው ነው። እኔም ከዓመታት በፊት አድርጌዋለሁ፤ አልደብቅም። ሁለት ነገር አስተወኝ። አንደኛ፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 የተገደለውን አገልግሎት ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ያስነሱታል። ሁለተኛ፣ ግንቦት 2009 ላይ ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ጥቃት የገባበት ቀዳዳ ለሚደገፉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ሁለት ወር ቀደም ብሎ ተደፍኖ ነበር፤ ከተጠቁት ብዙዎቹ ማሻሻያውን ያልጫኑ ነበሩ። የጋሼን የሕይወት ታሪክ የያዘ ማሽን ያለ ማሻሻያ መተው ለእኔ ዳታ ከመስረቅ ይከፋል።

መፍትሔው ገመዱን ነቅሎ ወደ ዋይፋይ መመለስ ነበር። ኢተርኔትን በሙሉ ባለቆጣሪ አድርጎ እንዲቆጥር ስርዓቱ ውስጥ ጠልቆ ማስገደድ ይቻላል፤ ግን ሬጂስትሪ የሚባለውን ማኅደር ፈቃድ ቀይሮ መነካካት ስለሚጠይቅ ለዚህ ቤት አልመረጥሁትም። ከዚያ ይልቅ አንድ ቀላል ነገር ታሰበኝ። ላፕቶፑ የአሮጌውን ሆትስፖት ስም እስካሁን አልረሳም፤ ባለቆጣሪነቱንም እንደያዘ ነው። ታዲያ አዲሱን ስልክ በአሮጌው ስም ብንጠራውስ? ስሙ፣ የይለፍ ቃሉና የጥበቃው ዓይነት ከተመሳሰሉ ላፕቶፑ የድሮ ወዳጁን ያገኘ ይመስለዋል።

«የይለፍ ቃሉ?» አሉ እትዬ። «ልጁ የሚያውቀውን?»

የቴክኒክ ሰው ሆኜ ብቆም መልሱ ግልጽ ነበር፤ ሌላ ሰው የሚያውቀው የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ ባለቆጣሪዋም ማብሪያ በእጅ ትበራለች። አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። «የድሮው ይሁን» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እትዬም ዝም አሉ። እኔም ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንደነበረ ጻፍሁ። ላፕቶፑ ሳይጠየቅ በራሱ ተገናኘ፤ ዝርዝሩን ስከፍት ባለቆጣሪ የሚለው በርቷል። ራሱ መገናኘቱን ለመክሰስ መጥቼ ራሱ በመገናኘቱ የተደሰትሁበት ቀን ይኸው ነው።

የቀረው የጽዳት ሥራ ነበር። ቪዲዮዎቹን ወደ ውጫዊ ማከማቻ አወረድኋቸው፣ ዴስክቶፑን ከዋንድራይቭ አላቀቅሁት፤ የሕይወት ታሪኩ ያለበት አንድ ማኅደር ብቻ እንዲላክ ተውሁ፤ እሱ ጽሑፍ ስለሆነ አይከብድም። ላፕቶፑ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንዲተኛ አደረግሁ፤ ጋሼ ትንሽ አጉረመረሙ። በስልኩ ላይ ደግሞ የዳታ ገደብ አስገባሁ፤ የተወሰነው መጠን ሲደርስ ስልኩ ራሱ ይዘጋዋል። ባለቆጣሪ መስመር ሁሉንም እንደማያግድ ነግሬያቸዋለሁ፤ ብራውዘሮችና አንዳንድ ፕሮግራሞች ማብሪያዋን ከቁብ አይቆጥሯትም። በዚያ ሌሊት ሆትስፖቱን ሳንዘጋ፣ ላፕቶፑን ሳናስተኛ ሆን ብለን ለካን፦ 23 ሜጋባይት።

ትልቁን ማሻሻያ ሱቄ ባለው ያልተገደበ መስመር ጫንሁት፤ ቦታ ስላገኘ አንዴ ብቻ ወርዶ ገባ። ወርኃዊዎቹ ግን ይቀጥላሉ። የዊንዶውስ ወርኃዊ የደኅንነት ማሻሻያ የሚወጣው በፈረንጆች ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ሲሆን በእኛ ሰዓት ማታ በ2 ወይም በ3 ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከጋሼ ጋር ውላችን ረቡዕ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑ ወደ ሱቄ ይመጣል፣ ጠግቦ ይመለሳል። የመጀመሪያው የካቲት 5 ነበር። የዚያን ጊዜ ጋሼ ወረቀታቸውንም አምጥተዋል፤ የጥር መጨረሻ ጥቅል ገና 9 ጊጋባይት ይቀረዋል፤ ያለቀበት ቀን የሚለው ዓምድ ባዶ ነው።

መጋቢት 3 ቀን ላፕቶፑን ይዞ የመጣው የፊት ለፊቱ ልጅ ነው። አራት ፎቅ መውረድ ለጋሼ ጉልበት ከብዷቸው ኖሮ እትዬ ናቸው የላኩት። ማሻሻያው እስኪጫን ድረስ ሱቄ ተቀምጦ የፊዚክስ ደብተሩን ሲያነብ ቆየ።